በመካከል መቆምና ከጎን መቆም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቢዮ አዋሌ መንደሮች ወደ አንዱ ለሽምግልና ተጠርተን ሄደን ነበር። ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ከሚገኙት የገጠር ቀበሌዎች አንዱ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ «ቢዮ» በሶማልኛ ውኃ ማለት ነው፤ ማሽላ እያረሰ የሚኖረው ሕዝብ ግን አብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪና ሙስሊም ነው። እኛን የጠራን ሰው በሥራ ምክንያት የሚያውቀን፣ እኛም ጨዋና ታታሪ የምንለው ሰው ነበር። ሚስቱ ወደ አባቷ ቤት ሄዳበት ነበርና «አባ፥ እርስዎ ካሉበት አማቴ እምቢ አይሉኝም» አለን። የሃይማኖት ልዩነት በአገራችን በምሥራቁ ክፍል ለሽምግልና እንቅፋት ሆኖ ስለማያውቅ፣ ነገሩም የሰላም ሥራ መስሎ ስለታየን፣ ሳናመነታ ተነሣን።

ሽማግሌዎቹ በዛፍ ጥላ ሥር ሰሌን አስነጥፈው ጠበቁን። የመንደሩ ሼኽ ነበሩ፤ የሴትዮዋ አባትና አጎቶች ነበሩ፤ የአፎቻው አዛውንቶችም ነበሩ። አባትየው «ልጄን መትቷታል» ብለው ጀመሩ። ባልየውም አልካደም፤ «ሸይጣን አሳሳተኝ» አለ። ከዚያ በኋላ የተነገረው ሁሉ ግን ስለ ጠቡ መነሻ እንጂ ስለ ዱላው አልነበረም፤ እራቱ ለምን ዘገየ፣ ገበያ ሄዳ ለምን መሸባት፣ የባሏን እናት ምን ብላ መለሰችላቸው የሚል ነበር። ተራው ሲደርሰን እኛም ስለ ትዕግሥትና ስለ ይቅርታ ተናገርን፤ በሁለቱም ሃይማኖት ዘንድ የሚወደድ ንግግር ነበርና ሽማግሌዎቹ ወደዱልን። ሴትዮዋ በጉባኤው አልተቀመጠችም። ሆጃውን አፍልታ ያቀረበችልን ግን እርስዋ ነበረች። ስኒውን ከእጇ ስንቀበል «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ምርቃቱ ተደረገ፣ ከባሏም ጋር ተመለሰች፤ እኛም መልካም ሥራ እንደ ሠራ ሰው ደስ ብሎን ወደ ድሬዳዋ ወረድን።

አራት ወር ያህል ካለፈ በኋላ አንድ የታመመ ምእመን ልንጠይቅ ወደ ሆስፒታል ሄድን። በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ያችው ሴት ክንዷ በጄሶ ታስሮ ተቀምጣ አገኘናት፤ የባሏ እናት አጠገቧ ነበሩ። ምን እንደ ሆነች ብንጠይቃት አስቀድማ ወደ እርሳቸው ተመለከተችና «ውኃ ቀድቼ ስመለስ አዳልጦኝ ወደቅሁ» አለች። በሌላ ጊዜ አንድ ሐኪም በጠቅላላው እንዳስረዱን፣ ሰው ሲወድቅ መዳፉን ዘርግቶ መሬቱን ስለሚመክት ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ከእጁ አንጓ አካባቢ ነው፤ ፊቱን ከዱላ ለመከላከል ክንዱን ያነሣ ሰው ግን በትንሿ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት መሐሉ ላይ ይሰበራል። አጥንት እንደ ምላስ አይፈራም፤ ሐኪም የሚያነበውም ይህንኑ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ነርስ መጥታ የባሏን እናት «እናቴ፥ እባክዎ ካርድ ክፍል ሄደው ይህን ያስመዝግቡልን» ብላ በትሕትና ላከቻቸውና ሴትዮዋን ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል አስገባቻት። እኛም ተከትለን ገባን፤ ካህን ነንና የከለከለን አልነበረም። «አይዞሽ፥ ባልሽን እናስጠራዋለን፥ እንደገና እናነጋግራችኋለን» ማለት ስንጀምር ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነርሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጥቂት ውጭ ይጠብቁን» አለችን። በሩ ከኋላችን ተዘጋ። በክህነት ዘመናችን ከታማሚ ክፍል ውጡ ስንባል ያ የመጀመሪያው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ተቆጥተን ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያ በር ለምን እንደተዘጋብን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ስለ ፈጀብን ነው። የሴትዮዋን ነገር ለአደባባይ ያበቃነው በፈቃዷ መሆኑን፣ ማንነቷም እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር መለወጣችንን አንባብያን እንዲያውቁልን እንወዳለን።

ያች ነርስ ከሕክምናው ሌላ የተሰጣት ሥራ በቤታቸው ጥቃት ደርሶባቸው ወደ ሆስፒታል ለሚመጡ ሴቶች ከጎናቸው መቆም ነው። ሥራው በአገራችን ገና አዲስ ነው ሊባል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1994 በማሌዢያ ዋና ከተማ በኳላ ላምፑር ሆስፒታል ሐኪሙን፣ ፖሊሱንና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ክፍል ተከፍቶ ነበር፤ የተመታችው ሴት ከቢሮ ወደ ቢሮ እየዞረች ያንኑ ታሪክ ለዐሥር ሰው እንዳትናገር የታሰበ ነው። ይህ ዓይነቱ አሠራር ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቶ ወደ እኛም ደርሷል፤ በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚገኘው «የአንድ ማዕከል» አገልግሎት ይታወቃል፤ በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ማዕከላት ተቋቁመዋል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ለእንዲህ ያሉ ሴቶች በቅድሚያ ሊደረግላቸው የሚገባውን ዘርዝሯል። በአጭሩ ስናስቀምጠው፦ ሳይፈርዱ መስማት፣ የሚያስፈልጋትን መጠየቅ፣ ጥፋቱ የእርስዋ አለመሆኑን መንገር፣ ደኅንነቷን አብሮ ማሰብ፣ ወደሚረዷት ሰዎች ማድረስ ነው። ሲነበብ ቀላል ይመስላል። እኛ ግን በዚያ በዛፍ ጥላ ሥር ከነዚህ አንዱንም አላደረግንም።

ነርሷ በኋላ ስለ ሥራዋ ስታጫውተን (ስለ ሴትዮዋ አንዲት ቃል እንኳ አልነገረችንም) «ለምን አትተይውም?» የሚለውን ጥያቄ ፈጽሞ እንደማትጠይቅ ገለጸችልን። የምትጠይቀው «ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ? ልጆችሽስ አሁን ማን ጋር ናቸው?» ብላ ነው። ይህን ስትነግረን ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16 ትዝ አለን። ከእመቤቷ ጭካኔ ሸሽታ በምድረ በዳ በውኃ ምንጭ አጠገብ የተገኘችውን አጋርን፣ በቢዮ አዋሌ ያሉ ጎረቤቶቻችንም ሐጀር ብለው የሚያከብሯትን ሴት፣ መልአኩ አስቀድሞ የጠየቃት ከወዴት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ነበር። በዚሁ ምዕራፍ መልአኩ እንድትመለስ እንዳዘዛት የሚያስታውሰን አንባቢ ይኖራል፤ እውነት ነው፤ እኛም ለብዙ ዘመን ከዚያ ታሪክ የያዝነው «ተመለሽ» የሚለውን ብቻ ነው። በምዕራፍ 21 ግን አጋር ከልጇ ጋር ዳግመኛ በምድረ በዳ ስትገኝ ተመለሽ ያላት የለም፤ ዐይኗ ተከፍቶ የውኃ ጉድጓድ አየች እንጂ። በስብከት ላይ ሁለቱን ምዕራፎች አብሮ ያነበበ ካህን አላጋጠመንም፤ ራሳችንንም ጨምረን ነው የምንናገረው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ሽምግልናን ልናንቋሽሽ አልተነሣንም። ደም ያደረቀው፣ ጎሣና ጎሣን ከመተላለቅ ያዳነው፣ ፍርድ ቤት በሌለበት ሁሉ ለድሃው ዳኛ ሆኖ የኖረው ሽምግልና ነው። ነገር ግን ሽማግሌ በመካከል የሚቆመው ሁለቱ ወገኖች በአንድ ሜዳ ላይ ሲገኙ ነው። ሁለት ገበሬዎች በድንበር ሲጣሉ መሐሉን ማስመር ፍትሕ ሊሆን ይችላል። አንዱ መቺ ሌላው ተመቺ ሲሆንስ መካከሉ የት ላይ ነው? ከዱላው ግማሹን ለእርሱ፣ ግማሹን ለእርስዋ ማካፈል ይቻላልን? በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ፍትሕ ማለት ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ነው ተብለን ተምረናል፤ እኩል ያልሆኑትን እኩል አድርጎ መያዝ ደግሞ ለበረታው ማድላት ነው። በዚያ ቀን የነበረውን ነገር «ጠብ» ብለን ጠራነው። ጠብ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ያ ግን ጥቃት ነበር፤ ለጥቃት አንድ ሰው ይበቃል። ስሙን ስንሳሳት ፍርዱንም ሳትን።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ከአንድ ቁምስና የትምህርተ ክርስቶስ መምህር የሰማነው ነው። «አባ፥ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ መወገን ይገባልን? ሴቲቱ ብትዋሽስ?» አለን። ጥያቄው ቅን ነው። መልሱ ግን ከጎን የሚቆም ሰው ዳኛ አለመሆኑን በመረዳት ይጀምራል። የሁለቱን ወገን ቃል መስማት የዳኛው ግዴታ ነው፤ ዳኛውም አለ። ሐኪም የቆሰለውን ለማከም የመቺውን ቃል አይጠብቅም። ነርሷም ባልየውን አትፈርድበትም፣ አታስረውም፤ ያየችውን ቁስል በቦታው፣ በስፋቱ፣ በቀለሙ በመዝገብ ታሰፍራለች፣ ሴቲቱ የተናገረችውንም እንደተናገረችው ትጽፋለች፤ ሌላው የፖሊስና የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ሴቲቱ ዋሽታ ቢሆን እንኳ የባከነው አንድ ሰዓትና አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ነው። እውነት ተናግራ ሳትታመን ብትቀር የሚባክነውን ግን ሁላችንም በመቃብር ሥነ ሥርዓት ላይ ቆመን አይተነዋል።

ይህ የጥቂት ቤቶች ነገር እንዳይመስለን። የዓለም የጤና ድርጅት በዐሥር አገሮች ያካሄደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲታተም፣ በአገራችን በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ባል ወይም የትዳር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች መካከል 71 በመቶዎቹ በዘመናቸው በትዳር ጓደኛቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ወይም ሁለቱም ደርሶባቸዋል፤ ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ከመቶ 66ቱ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። በዚያው ጥናት ባል ሚስቱን ለመምታት ቢያንስ አንድ በቂ ምክንያት አለው ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ሲሆኑ፣ ሴቶች ግን 63 በመቶ ነበሩ። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር አንዳንድ ወንዶች «እነርሱ ራሳቸው ይወዱታል» ለማለት ሲጠቅሱት ሰምተናል። እኛን ያሳፈረን በሌላ መንገድ ነው። ሴት ልጅ ዱላ ይገባኛል ብላ አትወለድም፤ ይህን ያስተማራት አለ። ከአስተማሪዎቹ መካከል ተረቱ አለ፣ እናትና አክስት አሉ፣ ሽማግሌ አለ፤ ስለ ትዕግሥት የሰበክንላት እኛም አለንበት።

ሕጉ ከእኛ ቀድሞ ተራምዷል ብንል አልተሳሳትንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። ከዚያ በኋላ የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አመራር እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ የፌዴራል ሕግ በመሆኑም ከአዲስ አበባ ጋር በድሬዳዋ አስተዳደር፣ ማለትም በቢዮ አዋሌም ጭምር፣ ተፈጻሚ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንደ ማንኛውም የአካል ጉዳት እንደሚያስቀጣ ለይቶ ጠቅሷል። በሰሌኑ ላይ ከነበርነው መካከል ይህን አንቀጽ የጠቀሰ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረን ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ሴትዮዋ በዚያው ቀን ከባሏ እናት ጋር ወደ ቤቷ ተመለሰች። ነርሷም አልከለከለቻትም። ይህን ባየን ጊዜ ቁጣችን ተመለሰ፤ «እኛን አስወጥተሽ አንቺስ ምን አደረግሽላት? ወደ ዱላው መልሰሽ ላክሻት!» አልናት። ነርሷ ጥቂት ዝም ብላ «አባ፥ እኔም ብወስንላት በሕይወቷ ላይ የሚወስን ሌላ ሰው መጨመሬ ነው» አለችን። በእጇ ወረቀት እንኳ አልሰጠቻትም፤ ወረቀቱ በቤት ውስጥ ቢገኝ ሌላ ዱላ ያመጣልና። በአካባቢዋ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቃል አስታወሰቻት፤ በሩ መቼም ክፍት መሆኑንም ነገረቻት። በሩ ክፍት መሆኑን የምናውቀው ለመጡት ሁሉ የምትለው ይኸው ስለሆነ ነው።

የሥነ ምግባር ትምህርት የተማርን ሰዎች እዚህ ላይ ዝም ልንል አንችልም። በፍርሃት የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ ነውን? ሕገ ቀኖናችን ራሱ (ቁጥር 1103) በግድ ወይም በከባድ ፍርሃት የተፈጸመ ጋብቻ ዋጋ እንደሌለው ያስተምራል። እንግዲህ በፍርሃት ወደ ትዳር መግባት ፈቃድ ካልሆነ፣ በፍርሃት በትዳር ውስጥ መቆየትን በምን አንደበት «ትዕግሥት» እንለዋለን? ትዕግሥት በጎ ምግባር ነው፤ በጎ ምግባርም ከነጻ ሰው እንጂ ከታፈነ ሰው አይጠበቅም። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው። ነገር ግን ክርክሩ ወደ ሌላው ወገን ሊንሸራተት ይችላል፦ «እንግዲያውስ የመመለስ ውሳኔዋም ነጻ አይደለምና እኛ እንወስንላት» ወደሚል። እኛ በዚያ ቀን በቁጣ የፈለግነው ይህንኑ ነበር። ፈቃዷ በፍርሃት ተይዟል ማለት ግን ፈቃድ የላትም ማለት አይደለም። የታሰረን እጅ መፍታት አንድ ነገር ነው፤ በታሰረው እጅ ፋንታ የራስን እጅ መተካት ሌላ ነገር ነው። ፍርሃቱ የሚቀንሰው የምታድርበት ቤት ሲኖር፣ ልጆቿን የምታበላበት ገንዘብ ሲገኝ፣ ከእርሻውና ከከብቱ ድርሻዋ እንደማይቀርባት ስታውቅ፣ አባቷ በሩን እንደማይዘጉባት ስታረጋግጥ ነው። ያን ጊዜ የምትወስነው ውሳኔ የራሷ ይሆናል።

ደግሞም ሴቲቱ ከእኛ ይልቅ የምታውቀው ነገር አለ። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት አደጋው እጅግ የሚከፋው ሴቲቱ ለመለየት በምትነሣበት ጊዜና ከተለየች በኋላ ባሉት ወራት ነው። የምትሄድበትን ቀን መምረጥ ለእርስዋ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው፤ የባሏን አረማመድ ከበሩ ውጭ ሰምታ ስካሩን የምትለይ ሴት ያን ቀን ከእኛ በተሻለ ትመርጣለች። ይህ ሁሉ ሲባል ወሰን የለውም ማለት አይደለም። ልጆች ሲመቱ ወይም መግደል በግልጽ ሲዛት ነርሷ ዝም አትልም፤ ይህንንም ገና ከመጀመሪያው ለሴቲቱ ትነግራታለች፣ በኋላ ከዳችኝ እንዳትል።

ከጎን መቆም ስንል በድንገት የፈጠርነው ቃል አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታችን የሚልከው መንፈስ ጰራቅሊጦስ ተብሏል፤ በአማርኛው አጽናኝ እንለዋለን። ያው የግሪክ ቃል በመጀመሪያይቱ የዮሐንስ መልእክት ምዕራፍ 2 ስለ ክርስቶስ ሲነገር በአማርኛው ጠበቃ ተብሎ ተተርጉሟል። ቃሉ በሥሩ ወደ ሰው ጎን የተጠራ ማለት ነው። ማጽናናትና ጥብቅና በእኛ ቋንቋ ሁለት ሥራ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ቃል ውስጥ ይኖራሉ፤ ሳይጠብቁ «አይዞሽ» ብቻ ማለት፣ እኛ በዚያች ክፍል ውስጥ እንዳደረግነው፣ የቃሉን ግማሽ መጣል ነው። «የተጠራ» የሚለውንም ልብ እንበል፤ ጎኗ ለመቆም የምትጠራው እርስዋ ናት።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለሚስቶች ምሳሌ አድርገው ቅድስት ሞኒካን ደጋግመው እንደሚጠቅሱ እናውቃለን። ቅዱስ አውጉስጢኖስ በኑዛዜው ዘጠነኛ መጽሐፍ ውስጥ ስለ እናቱ ሲተርክ፣ ቁጡ የነበረውን ባሏን በዝምታ እንደቻለችውና፣ በፊታቸው ላይ የዱላ ምልክት ይዘው የሚያማርሩ ጎረቤቶቿን ምላሳቸውን እንዲጠብቁ እንደመከረቻቸው ይነግረናል። ቅድስናዋን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን የተጻፈው ልጅ እናቱን ሊያመሰግን ነው፤ ፊታቸው የጠቆረው ሴቶች ግን በዚያ ገጽ ላይ ስም እንኳ የላቸውም፣ ምክሩን ያልተቀበሉትም ዱላው እንደቀጠለባቸው ብቻ ተጽፏል። የአንዲት ቅድስት ዕድል ለሁሉም ሕግ ሊሆን አይችልም። ከእርስዋ ጎን ቢቆሙ ደስ የሚሉን ሌላ ሴት አሉ፤ ሮማዊቷ ፋቢዮላ። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ399 ገደማ ካረፉ በኋላ ቅዱስ ሄሮኒሞስ ለውቅያኖስ ለሚባል ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ እንደምናነበው፣ ምግባረ ብልሹ ባላቸውን ትተው ወጡ። የመጀመሪያው ባል በሕይወት ሳለ ሌላ ማግባታቸውን ሄሮኒሞስ እንደ በደል ይቆጥረዋል፤ እርሳቸውም በሕዝብ ፊት ንስሐ ገብተውበታል። ባላቸውን ትተው መውጣታቸውን ግን አይነቅፍም፤ እንዲያውም ለሴት ያልተፈቀደው ለወንድም አልተፈቀደም ብሎ ይሟገትላቸዋል። ከንስሐቸው በኋላ ሀብታቸውን ሸጠው በሮማ ከተማ ለሕሙማን የመጀመሪያውን ሆስፒታል ያቋቋሙት እኒሁ ሴት ናቸው፤ ቁስላቸው የሚያስጸይፈውን በትከሻቸው ተሸክመው ያስገቡ ነበር።

ቢዮ አዋሌ ያለችው እህታችን በሕገ ቀኖናችን የምትተዳደር አይደለችም። ለምታስተምሯቸው ጥንዶች ግን ይህን ማወቅ ይገባችኋል፦ የ1983ቱ ሕገ ቀኖና በቁጥር 1153፣ የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም በቁጥር 864፣ በትዳር ጓደኛው ወይም በልጆቹ ሥጋ ወይም ነፍስ ላይ ከባድ አደጋ የሚያደርስ ሰው ለሌላው የመለየት ሕጋዊ ምክንያት እንደሚሰጥ ይደነግጋሉ፤ መዘግየቱ አደጋ ካለው የተበደለው ወገን ፈቃድ ሳይጠብቅ በራሱ ሊለይ ይችላል። ማሰሪያው ግን አይፈታም። ምክንያቱ ሲወገድም ኑሮው እንደገና ይቀጥላል ይላል ሕጉ፤ ዳሩ ግን በዛፍ ጥላ ሥር «ሸይጣን አሳሳተኝ» ማለት የምክንያቱ መወገድ አይደለም። ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ፍቅር በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር በትዳር ውስጥ ያለ ዱላ የጋብቻን ባሕርይ ራሱን የሚቃረን መሆኑን፣ መለየትም አንዳንድ ጊዜ የሞራል ግዴታ እስከ መሆን እንደሚደርስ አስተምረዋል። ስለዚህ ከእናንተ አንዱ ዘንድ የተመታች ሴት ብትመጣ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ አትጥሩ፤ በባሏ ፊት እውነቱን አትነግራችሁም፣ ብትነግራችሁም ማታ ትከፍልበታለች። ለብቻዋ ስሟት፤ በባሏ ወይም በዘመዶቹ በኩል መልእክት አትላኩባት፤ የማትችሉትን ተስፋ አትስጧት። ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ፣ ከዚያም ወደ ድሬዳዋ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል በምን እንደሚኬድ አስቀድማችሁ እወቁ። የሰማችሁትን ለእኛ ለካህናቱም ቢሆን ያለ ፈቃዷ አትንገሩን።

ባልየው እንደገና ወደ እኛ መጥቶ ነበር። «አባ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ያስታርቁን» አለ። በመካከል ለመቀመጥ እንደማንችል ነገርነው፤ ያደረገው በእግዚአብሔር ፊት በደል፣ በአገሪቱም ሕግ ወንጀል መሆኑን ሳንሸሽግ ገለጽንለት፤ ስለ ሚስቱ ጠባይ ሳይሆን ስለ ራሱ እጅ ሊነግረን ከፈለገ ግን በማንኛውም ጊዜ ለብቻው እንደምንሰማው ነገርነው። «ያስታረቃችሁን እናንተ አልነበራችሁምን?» አለን፤ ለዚህ መልስ አልነበረንም። ሁለት ጊዜ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ፤ በሁለተኛው ቀን አባቱ እናቱን እንዴት ይመቱ እንደነበር ነገረን። ሦስተኛ ጊዜ አልመጣም።

ሴትዮዋ ወደ ሆስፒታሉ የተመለሰችው በዓመቱ ገደማ ነው። አጥንቷ ሳይሰበር፣ በእግሯ፣ ልጆቿን ይዛ፣ ረፋዱ ላይ መጣች። በዚያ ቀን እኛም ሕሙማንን ለመጠየቅ በግቢው ውስጥ ነበርን፤ ከሩቅ አይታናለች። በበሩ ላይ የጠየቀችው ግን ያችን ነርስ ነበር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ በነርሷ በኩል ፈቃዷን ስንጠይቅ የተላከልን መልስ አጭር ነበር፦ ስሜንና መንደሬን አይጻፉ፣ የልጆቼንም ቁጥር አይናገሩ፤ ሆጃውን ያፈላሁት እኔ እንደ ነበርሁ ግን ይጻፉ።